ከአካል ወደ ፊደል፣ ከፊደል ወደ አካል

ፓብሎ ፒካሶ በ1910 የጸደይ ወራት ፓሪስ ውስጥ አንዲት ማንዶሊን የያዘች ሴት ሣለ። ሸራው ቁመቱ 100፣ ወርዱ 74 ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን ዛሬ የሚገኘው በኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሴትዮዋ ፋኒ ቴሊዬ የምትባል፣ ለሠዓሊዎች እየተቀመጠች የምትተዳደር ሞዴል ነበረች። መቀመጡ ሲበዛባት ሰልችቷት ስለቀረች ሥዕሉ ሳይጨረስ ቀረ ተብሎ ይነገራል። ሳይጨረስ መቅረቱ ለተመልካች በጅቷል፤ ሠዓሊው የሰውን አካል እየፈታ የሄደበት መንገድ መሀል ላይ ቆሞ ይታያል።

ሥዕሉን ቀረብ ብሎ ላየው፣ ራሷ አንዱ በአንዱ ላይ የተደገፉ ጥቂት ጠፍጣፋ ገጾች ነው። ዐይኗና ጸጉሯ ተጠቁመው ታልፈዋል እንጂ አልተተነተኑም። ደረቷ ግን ክብ ነው፤ ጥላውም እንደ ድሮው ሥዕል ለስለስ ብሎ ወርዷል። የማንዶሊኑ ሆድና መሀሉ ላይ ያለው ቀዳዳ በግልጽ ይለያሉ፣ ጣቶቿም ከክሩ ላይ ናቸው። ክንዷ ጋ ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል፤ ጠርዙ አንድ ቦታ ይጀምርና ይቋረጣል፣ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ይቀጥላል። ከኋላዋ ያለው ግድግዳም ግድግዳ ሆኖ አልቀረም፤ እንደ እርሷ አካል በማዕዘን ተቆራርጦ፣ ያንኑ ግራጫና ቡናማ ቀለም ለብሶ ወደፊት ቀርቧል። ትከሻዋ የት እንዳበቃ፣ አየሩ የት እንደጀመረ ለመለየት ዐይን ይቸገራል። ሠዓሊው የፈለገውም ይህንን ችግር ነው።

ይህን ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ልማድ ማወቅ ይጠቅማል። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአውሮፓ ሠዓሊ ዓለምን የሚሥለው ከአንድ ቦታ ሳይንቀሳቀስ፣ በአንድ ቅጽበት የሚያይ ሰው አድርጎ ራሱን ቆጥሮ ነበር። ቅርብ ያለው ይተልቃል፣ ሩቅ ያለው ያንሳል፣ ብርሃን ከአንድ ወገን ይመጣል። በ1906 የሞተው ፖል ሴዛን ይህን ልማድ ማላላት ጀምሮ ነበር፤ ጠረጴዛውን ከላይም ከጎንም ያየው ይመስል ሁለቱን እይታ በአንድ ሸራ ላይ ያስማማቸዋል። በቀጣዩ ዓመት ፓሪስ ላይ የቀረበው ሰፊ የሴዛን መታሰቢያ ዐውደ ርእይ ወጣት ሠዓሊዎችን እጅግ ነካቸው። ፒካሶና ጓደኛው ዦርዥ ብራክ የጀመሩት ኪዩቢዝም ከዚህ ምንጭ ቀድቷል።

ሁለተኛው ምንጭ አፍሪካ ናት። ፒካሶ በ1907 ትሮካዴሮ የሚባለውን የፓሪስ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ጎብኝቶ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የተወሰዱ ጭምብሎችንና ቅርጻ ቅርጾችን አየ። በዚያው ዓመት በሣላቸው «የአቪኞ ልጃገረዶች» ውስጥ ከአምስቱ ሴቶች መካከል ያሉት ሁለቱ ፊታቸውን ወደ ተመልካች አዙረዋል፣ አፍንጫቸው ግን ከጎን የታየ ነው። በስተቀኝ ያሉት ሁለቱ ደግሞ ጭምብል የሚመስል ፊት አላቸው። የአፍሪካ ቀራጭ ዐይንን የሚቀርጸው ዐይን እንዲመስል ብቻ ሳይሆን ዐይን መሆኑ እንዲታወቅ ነው። ለፊት ውበት የሚጨነቅ ሠዓሊ ከዚህ የተማረው ትልቅ ነገር አለ፤ ምልክት ራሱ አካልን ተክቶ ሊቆም ይችላል። ይኸው ሙዚየም ከ25 ዓመት በኋላ የጎንደሩን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎችም ተረክቧል። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር-ጅቡቲ ጉዞ ቡድን በ1932 ሥዕሎቹን ከግድግዳው አንሥቶ በምትካቸው ቅጂ ለጥፎ ወደ ፓሪስ ወስዷቸዋል።

የጥንቱን ኪዩቢስት የሰው ሥዕል ማንበብ የሚጀመረው ፎቶግራፍ መፈለግን በመተው ነው። ቡና የምታፈላ ሴትን የሚያስታውስ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ቅጽበት አይደለም፤ ከፊት ሆና ስትቆላ፣ ከጎን ጎንበስ ብላ ስታራግብ፣ ጀበናውን ስታነሣ የእጇ አንጓ ሲታጠፍ ያየውን ሁሉ በአንድ ላይ ይይዛል። ፒካሶ ወደ ሸራው ያመጣው እንዲህ ያለውን የተጠራቀመ እይታ ነው። ስለዚህ ተመልካች «ይህ ምኑ ነው?» ከማለት ይልቅ «ይህ ከየት የታየ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሥዕሉ ቶሎ ይከፈትለታል።

ቀጥሎ የሚፈለገው ፍንጭ ነው። ፒካሶ በዚያው በ1910 መጨረሻ አካባቢ የሣለው የሥዕል ነጋዴው የዳንኤል-ሄንሪ ካንዋይለር ምስል፣ ዛሬ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ያለው፣ ከማንዶሊኗ ሴት ይበልጥ የተፈታ ነው። መጀመሪያ የሚታየው የተሰባበረ መስታወት የመሰለ ግራጫ ሜዳ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን ላይ የጸጉር ሞገድ፣ ሆዱ ላይ የሰዓት ሰንሰለት፣ ታች ደግሞ የተቆላለፉ እጆች ብቅ ይላሉ። እነዚህ ሲገኙ የቀረው አካል ራሱን ያዘጋጃል፤ ከእጆቹ ተነሥቶ ክንድ፣ ከጸጉሩ ወርዶ ግንባር ይገነባል። ግንባታው የተመልካቹ ሥራ ነው። ሥዕሉ ሰውየውን ሙሉ ለሙሉ ቢያጠፋው ኖሮ ጨዋታው ያከትም ነበር፤ ፒካሶና ብራክ እስከዚያ ጫፍ ሄደው የተመለሱት ሆን ብለው ነው።

ብርሃኑም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። አንዱ ገጽ ከግራ ሲበራ ጎረቤቱ ከቀኝ ይበራል፤ ስለዚህ ጥላ ሰዓትን አይናገርም፣ የገጹን ዘንበል ማለት ብቻ ይናገራል። ቀለሙ ወደ ቡናማ፣ ወደ ግራጫና ወደ ቢጫ አፈር የተሰበሰበውም ቅርጹ እንዲሰማ ነው። ደማቅ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቢገባ ዐይን ወደዚያ ሮጦ የገጾቹን ንግግር ይተወዋል። ይህን የደበዘዘ ቀለም አይቶ ሥዕሉን የሐዘን፣ የእብደት ወይም የጦርነት ሥዕል አድርጎ መተርጎም የተለመደ ስሕተት ነው። ማንዶሊኗን የያዘችው ሴት አልተሰበረችም፤ ጸጥ ብላ ትጫወታለች። የተሰበረው የማየት ልማድ ነው።

ማዕዘን ያለው ሁሉ ኪዩቢስት ነው ማለትም አይደለም። አፈወርቅ ተክሌ በ1961 ለአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ የሠራው 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስኮት በሹል መስመሮች የተከፋፈሉ ሰዎች ስላሉበት ብዙዎች ከኪዩቢዝም ጋር ያገናኙታል። ሰዎቹ ግን የታዩት እያንዳንዳቸው ከአንድ ወገን ነው፤ ችቦ የያዘው ችቦ ይዞ፣ ፊቱም ፊት ሆኖ ይታወቃል። መስመሩ አካሉን ያስጌጠዋል፣ ያጠነክረዋል፣ መስታወቱንም ይይዛል፤ እይታውን ግን አያበዛውም። ልዩነቱ ለሥዕሉ ክብር አይጨምርም አይቀንስም፤ የሚነበብበትን መንገድ ግን ይለውጣል።

በ1911 ሌላ ነገር መጣ። ብራክ ባዜል ውስጥ በሚገኘው «ፖርቱጋላዊው» በተባለው ሥዕሉ ላይ፣ ጊታር የያዘው ሙዚቀኛ በገጾች መሀል ሊጠፋ ሲል የላቲን ፊደላትና ቁጥሮችን አተመ። በካፌ መስኮት ላይ የተለጠፈ የዳንስ ማስታወቂያ ቁራጭ ይመስላሉ። ብራክ ከቤት ቀቢዎችና አስጌጮች ቤተሰብ የተወለደ፣ ሙያውንም የተማረ ሰው ስለነበር ፊደል በቅድ ማተም ለእርሱ እንግዳ አልነበረም። ፊደል ከየትም ቢያዩት ፊደል ነው፤ ጎን የለውም፣ ጥላ የለውም፣ ጠፍጣፋ ነው። ስለዚህ ከአጠገቡ ያለውን አካል ሁሉ «አንተም ምልክት ነህ» ይለዋል። በፓሪስ መንገዱ እንዲህ ነበር፤ ከሥጋ ተነሥቶ ወደ ምልክት፣ ከምልክት ወደ ፊደል።

ካርቱም ውስጥ ግን ጉዞው በተቃራኒው ሄደ። ሱዳናዊው ሠዓሊ ኢብራሂም ኤል-ሳላሂ በ1930 ኦምዱርማን ተወለደ። አባቱ ቤታቸው ውስጥ የቁርኣን ትምህርት ቤት ያስተምሩ ስለነበር ልጁ ገና በጨቅላነቱ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የዐረብኛ ፊደል መጻፍና ማስጌጥ ለመደ። በኋላ በካርቱም የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ሥዕል ተምሮ ከ1954 እስከ 1957 ለንደን በሚገኘው ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቆየ፤ አፈወርቅ ተክሌ ከእርሱ ቀደም ብሎ የተማረበት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የሴዛንንም የጣሊያን ጥንታውያንንም ሥራ አጠና፣ የሰውን አካል እንደ አውሮፓውያን መሣል ቻለ።

ወደ ካርቱም ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ እያስተማረ ሥራዎቹን ለሕዝብ አቀረበ። ሰው በመክፈቻው ቀን መጣና ከዚያ ወዲያ ዝር ሳይል ቀረ። ደግሞ ቢያሳይም ውጤቱ ያው ሆነ። ኤል-ሳላሂ በዚህ ሕዝቡን አልወቀሰም፤ ሥዕል መሣሉን ገታ አድርጎ በአገሩ እየተዘዋወረ ሰዎች በቤታቸው ምን እንደሚሰቅሉ፣ ሰሌናቸውንና ቅርጫታቸውን በምን እንደሚያስጌጡ መመልከት ያዘ። በየግድግዳው ያገኘው የቁርኣን ጽሕፈት ነበር። እርሱም በሥዕሎቹ ጥግ ላይ ትንንሽ የዐረብኛ ጽሑፍ ማስገባት ጀመረ፤ ያኔ ተመልካቹ ቀስ በቀስ ቀረበው። ጽሑፉ ከጥጉ ወጥቶ ሸራውን ሞላ። በመጨረሻ ፊደሉን ራሱን ሰበረው፣ በስብርባሪው መካከል ካለው ባዶ ቦታ ደግሞ የሰው፣ የእንስሳና የዕፅ ቅርጾች ሲወጡ አየ። በእርሱ ትረካ ይህ የሕይወቱ መታጠፊያ ነው፤ የካርቱም ትምህርት ቤት የሚባለው የሥነ ጥበብ እንቅስቃሴም ከእርሱና እንደ አሕመድ ሺብሬይን ካሉ ባልደረቦቹ ፍለጋ ተወለደ።

የዚህ ፍለጋ ትልቁ ፍሬ ከ1961 እስከ 1965 የሠራው «ዳግም የተወለዱ የልጅነት ሕልም ድምፆች» ነው። ዛሬ ለንደን ቴት ሙዚየም ያለው ይህ ሥዕል በሁለቱም ወገን ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ስለሆነ ከፊቱ የቆመ ሰው የሚያያቸው አካላት ከራሱ ቁመት የሚበልጡ ናቸው። የተሣለው ደሙር በሚባለው የሱዳን የጥጥ ጨርቅ ላይ፣ በዘይት ቀለምና የቤት ዕቃ በሚቀባበት ቀለም ነው። መስመር የመሰሉ ረዣዥም ሰዎች ቆመዋል። ፊታቸው ጭምብል ነው፣ ዐይናቸውም ጎድጉዶ የጠቆረ ጉድጓድ ነው። የፊታቸው ቅስት፣ የአካላቸው መጠማዘዝ፣ የጨረቃ ግማሽ የሚመስለው ቁራጭ ሁሉ የዐረብኛ ፊደል ሆድና ጭራ ነው። ማንበብ የሚሞክር ሰው ቃል አያገኝም፤ ፊደሉ ቃልነቱን ጥሎ አጥንት ሆኗል።

እዚህ ላይ የማንዶሊኗን ሴት የማንበቢያ መንገድ እንዳለ አምጥቶ መጠቀም ያሳስታል። ኤል-ሳላሂ በአንድ ሰው ዙሪያ ዞሮ አላየም፤ ሰዎቹ ፊት ለፊት ቆመዋል፣ የተቀመጠችለት ሞዴልም የለችም። የሚመሳሰሉት በሌላ ነገር ነው። ሁለቱም የአካልን ጠርዝ ይከፍቱታል፣ ሁለቱም አካልንና ከኋላው ያለውን ባዶ ቦታ እኩል ይሠሩባቸዋል፣ ሁለቱም ቀለምን ይቆጥባሉ። ፒካሶ እያየ ፈታ፤ ኤል-ሳላሂ እየጻፈ ገጠመ። ስለዚህ በካርቱሙ ሥዕል ፊት የሚጠቅመው ጥያቄ «ይህ ከየት የታየ ነው?» የሚለው ሳይሆን «ይህ መስመር የእጅን የትኛውን እንቅስቃሴ ይዟል?» የሚለው ነው።

ቀለሙ የራሱ ታሪክ አለው። ኤል-ሳላሂ በእነዚያ ዓመታት ሆን ብሎ ወደ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቢጫ አፈርና የተቃጠለ ሸክላ ቀለም ብቻ ተሰበሰበ፤ የሱዳን መሬትና የሰዎቿ ቆዳ ቀለም እነዚህ ናቸው ብሎ ስላመነ። ይህ ፒካሶ ቀለም ከቆጠበበት ምክንያት ፈጽሞ የተለየ ነው። በሰማያዊ አባይ ግራና ቀኝ ምዕራብና ምሥራቅ ተብሎ የተዘረጋውን የካርቱም ሰፈር፣ ጀሪፍን፣ የሚያውቅ ሰው ይህን ቀለም ለማመን ማስረጃ አያሻውም። ብዙ ሐበሾች የኖሩበት ይህ ሰፈር የሚታወቀው በወንዙ ዳር በተደረደሩ የጡብ ምድጃዎች ነው። ክረምት ላይ ውኃው ሞልቶ ሲመለስ የሚተወው ደለል ይቦካል፣ በቅርጽ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ ይተኮሳል። ጥቁሩ ደለል ሲደርቅ ይገረጣል፣ ከእሳት ሲወጣ ደግሞ ይቀላል። አፈሩ ራሱ አባይ ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርጎ ያወረደው ነው። የካርቱም ሠዓሊ «የአገሬ መሬት ቀለም» ሲል የጎጃምና የወሎ አፈር እንደሚገባበት ማሰብ ከእውነቱ የራቀ አይሆንም።

የሐበሻ ተመልካች ወደ እንዲህ ዓይነት ሥዕል ሲቀርብ ይዞት የሚመጣው ልማድ አለ፤ ይህም ይረዳዋል፣ ያደናቅፈዋልም። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ሁለት ዐይናቸው እንዲታይ ፊት ለፊት ወይም በከፊል ዞር ብለው ይሣላሉ፤ ሰይጣን፣ አሳዳጅና ከሐዲ ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል እያየ ያደገ ሰው የዐይን ቁጥር ፍርድ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። «የአቪኞ ልጃገረዶች» ላይ ያለው፣ ከፊትም ከጎንም በአንድ ጊዜ የታየ ፊት ይህን ልማድ ግራ ያጋባል፤ ጻድቅ ነው እንዳይባል አፍንጫው ዞሯል፣ ኃጥእ ነው እንዳይባል ሁለት ዐይን አለው። እዚያ ፍርድ የለም፤ ያለው እይታ ብቻ ነው። በኤል-ሳላሂ ሥዕል ደግሞ ዐይኖቹ ሁለት ናቸው፣ ግን ባዶ ናቸው፤ ቅድስናም ዛቻም አይደሉም፣ ከልጅነት ትዝታ የተመለሱ ፊቶች ናቸው።

ፊት ለፊት የሚያይ ትልልቅ ዐይን ለሱዳንም ባዕድ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአስዋን ግድብ ውኃ አካባቢውን ከመዋጡ በፊት የፖላንድ የአርኪዮሎጂ ቡድን በካዚሚየሽ ሚካሎቭስኪ መሪነት ከፋራስ ካቴድራል ከ100 በላይ የግድግዳ ሥዕሎችን አነሣ፤ ከፊሉ ዋርሶ፣ ከፊሉ ካርቱም ቀረ። በካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም የቀሩት ሠለስቱ ደቂቅ በእቶኑ ውስጥ ፊት ለፊት ቆመው፣ መልአኩ ከኋላቸው ክንፉን ዘርግቶ ላየ ኢትዮጵያዊ ሥዕሉ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። ኤል-ሳላሂ ሥዕሎቹን ሲጀምር እነዚህ ገና ከአሸዋ እየወጡ ነበር፤ በቀጥታ አነቃቅተውታል ማለት አይቻልም። ያም ሆኖ የናይል ሸለቆ የሰውን ምስል ለረጅም ጊዜ እንዴት ሲያቆመው እንደኖረ ያሳያሉ።

የሚረዳው ልማድ ክታብ ነው። ደብተራ ለታመመ ሰው የሚጽፈው ጠልሰም ያለበት ክታብ ብራናው በሰውየው ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቀው። በመሀሉ ፊት ይሣላል፣ ከፊቱ ዙሪያ ጨረር ወይም ኮከብ ይወጣል፣ ዐይኖች ባልተጠበቀ ቦታ ይከፈታሉ፤ ጸሎቱ በቀይና በጥቁር ከላይም ከታችም ይሞላል። በዚህ ብራና ላይ ጽሑፍና አካል ሁለት ነገር አይደሉም። ኤል-ሳላሂ በልጅነቱ ያስጌጠው የእንጨት ሰሌዳ የዚህ ዘመድ ነው። ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎስያን ከ1957 እስከ 1966 ፓሪስ ሲኖር ኪዩቢዝምን ከአፍሪካዊ ቅርጽ ጋር ካዋሐደው ከኩባዊው ዊፍሬዶ ላም ሥራ ተምሯል፣ የብራናውንና የጠልሰሙን ዓለም ግን ከአገሩ ይዞ ነበር የሄደው። በ1964 የሠራው «የጁጁ ሠርግ» ዛሬ ያለው ማንዶሊኗን የያዘችው ሴት ባለችበት በኒውዮርኩ ሙዚየም ውስጥ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ የግእዝን ፊደል እየለጠጠ፣ እየገለበጠና እየቆራረጠ ሥዕል ያደረገ ሠዓሊ ነው። በእርሱ ሸራ ላይ «ሀ» እግር አውጥታ ስትሄድ ያየ ኢትዮጵያዊ፣ ዐረብኛ ማንበብ ባይችልም ኤል-ሳላሂ ምን እንዳደረገ ወዲያው ይረዳል።

ኤል-ሳላሂ በ1970ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ የባህልና ማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። በመስከረም 1975 በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተጠርጥሮ ያለ ፍርድ ኮበር እስር ቤት ገባና ከስድስት ወር በላይ ታሰረ። እዚያ ወረቀትና እርሳስ መያዝ የሚያስቀጣ ስለነበር በጥቃቅን የወረቀት ቁራጮች ላይ እየነደፈ አሸዋ ውስጥ ይቀብር ነበር። አንዱ ቁራጭ የአካሉን ክፍል ይይዛል፣ ቀጣዩ ይቀጥላል፤ ሙሉው ሥዕል የሚኖረው በሠዓሊው ሐሳብ ውስጥ ብቻ ነው። ከእስር ወጥቶ ወደ ቀጠር ከተሰደደ በኋላ ይህ የመከራ ዘዴ የሥራ ዘዴው ሆነ። በ1984 እና 1985 በጥቁር ቀለም የሠራው «የማይቀረው» ዘጠኝ ሰሌዳዎች ተጋጥመው የሚሠሩት አንድ ሥዕል ነው፤ ዛሬ አሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛል። ፊቶች፣ ክንዶችና የተጨበጡ እጆች ከሰሌዳ ወደ ሰሌዳ ይሻገራሉ፤ መጋጠሚያው አልተደበቀም። ከጥንቱ ኪዩቢዝም ጋር ሲነጻጸር መቆራረጡ ከማየት ሳይሆን ከመኖር የመጣ ነው። እዚህ ላይ ተሰብሮ ተገጠመ የተባለውን አካል የአንድ ሕዝብ አካል አድርጎ መተርጎም ተገቢ ነው፤ ሥዕሉ የተሠራው ሱዳናውያን በፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ አገዛዝ ላይ በተነሡባቸው ዓመታት ነውና።

በካርቱም ያለው ክርክር በፊደል አላበቃም። በጥር 1976 «ክሪስታሊስቶች» የተባለ ቡድን መግለጫ አወጣ። ዓለም ግልጽ ክሪስታል ናት፣ ጥልቀቷ ማለቂያ የለውም፣ መልኳም እንደ ተመልካቹ አቋም ይለዋወጣል የሚል ሐሳብ ነበረው፤ የካርቱም ትምህርት ቤት በቅርስ ላይ ያተኮረውን አካሄድም ተቃወመ። ከፈራሚዎቹ አንዷ ከማላ ኢብራሂም ኢስሐቅ ናት። በ1963 ከካርቱም የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተመርቃ ለንደን በሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት የተማረች፣ ከዚያ ተመልሳ ያስተማረች ሠዓሊ ናት። በ1980ዎቹ የሣለቻቸው ሴቶች በክሪስታል ኪዩብ ውስጥ የተቀመጡ ናቸው። መስታወቱ ፊታቸውን ይለጥጠዋል፣ ያጠመዋል፣ አንዳንዴ ሁለት ያደርገዋል። ኪዩቡ እዚህ የአካሉ መሥሪያ ሳይሆን አካሉ ያለበት ክፍል ነው፤ ሴቲቱ ትታያለች፣ መውጫ ግን የላትም። በሱዳን የሴቶችን ኑሮ በዚህ መልክ ያሳየ ሌላ ሥዕል ማግኘት ይከብዳል።

ኢስሐቅ ከሁሉ አብልጣ ያጠናችው ዛርን ነው። በካርቱምና በኦምዱርማን የሴቶች ዛር ሲወጣ እየተገኘች ከበሮውን፣ ዕጣኑንና የሚያጓሩ ፊቶችን ተመለከተች፤ በሸራዋ ላይ ክብ ሠርተው የተቀመጡት የተዛቡ ፊቶች የመጡት ከዚያ ነው። በሱዳን ዛር ሐበሻ የሚባሉ መናፍስት የራሳቸው ወገን፣ የራሳቸው ልብስና ዜማ አላቸው፤ የጎንደሩን ዛር ደግሞ በ1932 በዝርዝር የመዘገበው ከዚያው ለትሮካዴሮ ከሚሰበስበው ጉዞ ጋር የመጣው ሚሼል ሌሪስ ነበር። ለአማርኛ አንባቢ ይህ የሥዕሉ ቁልፍ ነው። በ1910 ፒካሶ አንዲት ሴት ከተለያየ ወገን ስትታይ ሣለ፤ ሴትዮዋ አንድ ናት፣ እይታው ብዙ ነው። በኢስሐቅ ሥዕል እይታው አንድ ሆኖ የሚበዛው በሴቲቱ አካል ውስጥ ያለው ነው። ዛር የወረዳት ሴት ቅድም እርሷ ነበረች፣ አሁን ወታደር ናት፣ ቆይታ ሐበሻ ትሆናለች፤ ድምፅዋ ይለወጣል፣ አንገቷ ይሽከረከራል፣ ከነቃች በኋላ አታስታውሰውም። አንድ ፊት ተዛብቶ ሲታይ ሠዓሊዋ የምትመዘግበው ያየችውን ነው።